በብሎኑ ላይ ያሰመርኩት መስመር

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ አንዲት አሮጌ የናፍታ ፒካፕ ገዛ፤ እሁድ እሁድ ከየካ ሚካኤል ተነስቶ በዚያ ጠመዝማዛ ዳገት እስከ እንጦጦ ራጉኤል ይነዳታል። ዓይኑ ከደከመ ግን ቆይቷል። ባለፈው ክረምት የገዛ ግቢያችንን በር ጨረፈና፣ በሩን ያለ ቦታው ነው የተከሉት ብሎ ተቆጣ። የመኪናውን ቁልፍ አምጣ የሚለው ሰው ከቤታችን ጠፋ። እኔም ፈሪ ነኝ።

ከዚያ የናፍታ ፖምፓው ማንጠብጠብ ጀመረ። ጋራዥ እንውሰደው ብለው አልሰማኝም፤ መካኒክ ሁሉ ደህናውን ዕቃ አውልቆ አሮጌ ይገጥማል ብሎ ያምናል፣ እኔንም ያሳደገኝ በዚሁ ጥርጣሬ ነው። ስለዚህ በረንዳው ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ራሴ ፈታሁት። እሱ ወንበሩን አስጠግቶ በዚያ በደከመ ዓይኑ እጄን ይጠብቃል። ዕቃዎቹን በናፍታ አጠብኩ፣ ናፍታ እንዳያሾልክ የሚያሽጉትን የደረቁ ጎሚኒዎች በአዲስ ቀየርኩ፣ መልሼ ገጠምኩ። ሞተሩ ተነሳ፤ አንድም ጠብታ የለም።

በነጋታው ከሥሩ ኩሬ ሠርቶ አገኘሁት። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጎሚኒውን የሸጠልኝን ባለሱቅ ነው። «ኦሪጅናል ነው» ሲለኝ ዓይኔን አላየኝም ነበር። ከሌላ ሱቅ ገዝቼ እንደገና ፈታሁ፣ እንደገና ገጠምኩ፤ ደግሞ ፈሰሰ። አሁን ጥርጣሬዬ ወደ ሰርቪስ ቤቱ ተከራያችን ዞረ። የኮተቤ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ የፖምፓውን ቱቦ የያዘውን ብሎን እየፈታ ናፍታችንን ይቀዳል አልኩ። ጄሪካኑን በዓይኔ ስለካ፣ ሰላምታውን ሳይቀር ስመረምር ሰነበትኩ።

አባቴ ዕቃ ለመካኒክ ሲሰጥ የሚጠቀምበት ዘዴ ትዝ አለኝ። በብሎኑና በፖምፓው አካል ላይ አንድ ቀጭን መስመር በጥፍር ቀለም ይሰመራል፤ ብሎኑን ሰው ከነካው መስመሩ ይዛነፋል። ለማንም ሳልናገር ያገባችው እህቴ ትታው በሄደችው የጥፍር ቀለም አሰመርኩ።

እሁድ ጠዋት መስመሩ ተዛንፏል። ተከራዩ ግን ለቅሶ ሄዶ እዚያው አድሯል፣ የግቢው በርም ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። ያደርነው አባቴ፣ እናቴና እኔ ብቻ ነን።

እናቴ ዳቦ ስትሰጠኝ እጇ ናፍታ ሸተተኝ። በሎሚ አሽታዋለች፤ ሎሚውም ይሸታል። እጇን ሳልለቅ አየኋት። እሷም አልካደችም።

«የግቢውን በር እንኳ አያይም» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ልጁ ነህ፤ ትነግረዋለህ?»

ዳቦዬን መቁረስ ጀመርኩ።

«እንግዲያው ዝም በል።»

ያን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ስላደከመችኝ ተናደድኩ። እኔ ያልደፈርኩትን እሷ በብሎን መፍቻ ስለሠራችው ደግሞ አፈርኩ። አባቴ ግን ነጭ ለብሶ በረንዳው ላይ ይጠብቀኛል። ምንም ሳልወስን ወጥቼ ብሎኑን አጠበቅኩ፣ እጄም ሳላስበው የጥፍር ቀለሙን ከፈተ።

አባቴ አፍንጫውን ወደ እኔ አዞረ።

«ቀለም ነው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እናትህ እጇን በሎሚ ማሸት ከጀመረች ሰንብታለች» አለ። «መስመሩን ተወው። ከጠየቀችህም፣ ፖምፓው ዛሬም አልሠራም በላት።»

ቀለሙን ከደንኩት። እሱ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ተቀምጦ ቀረ፤ እጁ ኪሱ ውስጥ የመኪናውን ቁልፍ ይዟል።