በሩን ማን ከፈተለት?

ልጅ ሳለሁ፣ ነቀምቴ ውስጥ፣ በየሳምንቱ ትልልቆቹ ለቀበሌ ስብሰባ ወጥተው ቤቱ ለልጆች የሚቀርበት ምሽት ነበር። ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ አንድ አዋቂ እንኳ ከስብሰባ የቀረበት ቤተሰብ ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ስለሚከለከል ማንም አይቀርም፤ ቤት እንግዳ ካለ ግን እሱ ስለማይጠራ ልጆቹን አደራ ይቀበላል። አደራው ለእንግዳው እንደ ክብር ይቆጠር ነበር። ክብር! ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ስብሰባው እስኪደርስ አዳዳ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ፍሙን እየቆሰቆሰች በኩራዝ ብርሃን ተረት ትነግረን ነበር። ጅቡ የእናት ፍየልን ድምፅ አስመስሎ «ክፈቱልኝ» ይላል፤ ግልገሎቹ ይከፍታሉ፤ ይበላሉ። እኔም «አይ ሞኞች!» እያልኩ በግልገሎቹ እናደድ ነበር።

አንድ የስብሰባ ምሽት የአባቴ ወዳጅ፣ ሰፈሩ ሁሉ ከመቀመጫው የሚነሳለት የማር ነጋዴ፣ ከአርጆ መጣ። ትንሿን እህቴን ጫልቱን «ኮቱ፣ ነይ እስኪ» ብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጣት። ልትወርድ ስትታገል እየሳቀ ያዛትና ከረሜላ በመዳፏ ሸጉጦ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ፣ የእኔና የአንቺ ምስጢር ነው» አላት።

አዳዳ ሰማችው። ተረቷን አቋርጣ ተነሳችና ጫልቱን ከጭኑ ላይ አነሳቻት። «ከእናቷ የሚደበቅ ከረሜላ ደግሞ ምን ዓይነት ከረሜላ ነው?»

አባቴ በሃፍረት መሬት ሊገባ ደረሰ። «እንግዳ ታዋርጂብኛለሽ?»

«እናንተ ሂዱ። እኔ ዛሬ ስብሰባ አልወጣም።»

«ስኳር ሊቀርብን እኮ ነው!»

«ሂንታኡ! አይሆንም ብያለሁ! ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንድባልልህ ነው?»

አባቴና እናቴ ሄዱ፤ እሷ ቀረች። ሰውዬው እዚያው ተቀምጦ እያለ ተረቱን እንደገና ጀመረችው፤ ዓይኗን ከፊቱ ላይ አልነቀለችም።

«ጅቡ ድምፁን አልቀየረም። በሩንም የከፈቱለት ግልገሎቹ አይደሉም። ‹ወዳጃችን ነው፣ ግባ› ያሉት ትልልቆቹ ናቸው። አሁን ማንም ቢሆን፣ የፈለገ የተከበረ ቢሆን፣ ‹ምስጢር ነው፣ አትናገሪ› ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ ጫልቱ?»

«ለአዳዳ እነግራለሁ።»

«አልሰማሁም!»

«ለአዳዳ እነግራለሁ!» ብላ ጮኸች እህቴ።

ሰውዬው እኛ ቤት ሳያድር ጋቢውን ለብሶ ወጣ። በማግስቱ አዳዳ ልጅ ያለበትን ቤት ሁሉ እያንኳኳች «ተጠንቀቁ» አለች። «የሰው ስም አታጥፊ» ብለው መለሷት። እኛ ሻያችንን ያለ ስኳር ጠጣን፤ እሱ ግን በሌላ ቤት ወንበር ተለቀቀለት፣ ልጆችም አደራ ተሰጡት።

ጫልቱ ምንም ሳትሆን አደገች። የሌሎቹን ቤት ልጆች ግን እስከ ዛሬ አስባቸዋለሁ። አሁንም አንዲት ሕፃን ተጎዳች ሲባል፣ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ከንፈሩን እየመጠጠ «ምነው ታዲያ አልጮኸችም?» የሚል አይጠፋም። ያኔ ደሜ ይፈላል። እሷን ተዋት እለዋለሁ፤ አንተ በሩን ስትከፍትለት የት ነበር ዓይንህ?