በጋቢ የተጠቀለለው ኮምፒውተር

ላጲስ ሲታሽ የሚወጣው ሽታ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። ሰው ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ የተሳሳተችውን አሽታ ስታጠፋ ያ ጎማ ጎማ የሚል ሽታ አፍንጫዬን ነካ ሲያደርገኝ ያለሁበትን እረሳና ላሊበላ፣ እናቴ ቤት፣ መሬት ላይ ሆዱን ተከፍቶ ከተቀመጠ ኮምፒውተር አጠገብ እንበረከካለሁ።

አባቴ መርጌታ ነበሩ፤ የዜማ መምህር። ጉሮሯቸውን ታመው ደሴ ሲሄዱ ሐኪሙ "ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፤ ድምፅዎ ግን ላይመለስ ይችላል" አላቸው። እሳቸውም ቀጠሮ አስገፍተው ወደ ቤት ተመለሱ። ወንድሜ አስጎብኚ ነበር። እንግዳ ጠፍቶ ይሠራበት የነበረው ሆቴል ሲዘጋ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሰጥተውታል። አባቴ "ዜማ ከመምህር አፍ እንጂ ከዕቃ ሆድ አይወጣም" እያሉ ሲያሾፉበት ቆይተው፣ አሁን ራሳቸው ፊቱ ቁጭ ብለው ጾመ ድጓውን ከመጀመሪያው ያስቀርጹ ጀመር። የመቅረጫውን ቁልፍ የምጫነው እኔ ነበርሁ። ጠዋት ጠዋት በበሩ በኩል በሚገባው ፀሐይ ላይ አቧራው ሲንሳፈፍ እያየሁ እሰማቸው ነበር።

እናቴ ታዲያ ኮምፒውተሩን ከጸሎት መጻሕፍቱ እኩል አደረገችው። በእኛ ቤት መጽሐፍ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። "ቃለ እግዚአብሔር የገባበት ነው፤ እንዴት እንዲህ ተገላልጦ ይደር?" ትልና ገና ሳይበርድ፣ አንዳንዴም ገና ሳይጠፋ፣ በአዲስ ጋቢ ጥቅልል ታደርገዋለች። አሁን ሳስበው፣ ወንድሜም እኔም ደስ እያለን አየናት እንጂ አንዳችንም ተይ አላልናትም።

አባቴ ለቀዶ ጥገናው ሄደው በሚመለሱበት ቀን፣ እስኪመጡ ድረስ የተቀረጸውን በፍላሽ ልንገለብጥ አሰብን። ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። መብራቱ በራ፣ ውስጡ ትንሽ አጉረመረመ፣ ስክሪኑ ግን እንደጠቆረ ቀረ። ከዚያ ጮኸ። ጢ... ጢ... ጢ። ዝም። ደግሞ ጢ። ወንድሜ ገመዱን ነቅሎ ሰካ፣ ሶኬት ቀየረ፤ ያው ጢ ነው። ወልድያ ላለ አንድ ጠጋኝ ደወለ። ሰውየው ችኩል ነበር፤ "አምጣውና ፎርማት እናደርገዋለን" ብሎ ዘጋ።

"ፎርማት ምንድን ነው?" አለች እናቴ።

"ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጀመር ነው።"

"ድምፃቸውንም?"

ወንድሜ ሊወስደው ገመዱን ይጠቀልል ጀመር። "በላሊበላ ይዤሃለሁ! እንዳትሰጠው!" አለችና ኮምፒውተሩን በሁለት እጇ ያዘች።

ፍርሃቱን እንዴት አድርጌ ላስረዳህ? አብሯቸው የነበረው አጎቴ ከደሴ ደውሎልን ነበር። አባቴ ተርፈዋል፤ ድምፃቸው ግን የለም። ይመለስ ይሆናል እንኳ አላለም፤ የለም ነው ያለው። ስለዚህ የአባቴ ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ የቀረው እዚያ ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ ደግሞ ጢ ይላል። ሰው የሞተብን ያህል ሁላችንም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናወራ ነበር።

ወንድሜ ከጎረቤት ካቻቢቴ ተውሶ ሳጥኑን ከፈተው። የተቃጠለ አቧራ ሽታ ወጣ። ውስጡ ጥጥ ነበር። ማራገቢያው ላይ የጋቢው ብናኝ ከቀዩ አፈራችን ጋር ተጋግሮ ተለጥፏል። "ትንፋሽ አጥሮት ነው" አለና ቆንጥሮ አወጣው። እናቴ የገዛ እጇን ፈትል አወቀችው።

"እኔ ነኛ" አለች። "ድምፃቸውን የገደልሁት እኔው ነኛ!"

"ኧረ እማ፣ ተይ" አላት ወንድሜ። ድምፁ ግን እሱንም አላጽናናውም።

በዶሮ ላባ ጠረግነው። አሁንም ጢ። ያኔ ወንድሜ ሆቴል ሳለ አንድ ባለሙያ ሲያደርግ ያየው ትዝ አለው። ሚሞሪ የሚባለውን ቀጭን ሰሌዳ ነቀለና "ጥርሶቹ ቆሽሸዋል፤ ላጲስ አምጪ፤ እጅሽ ከእኔ ይሻላል" አለኝ። የሰሌዳውን ወርቃማ ጥርሶች ማሸት ጀመርሁ። ብሰብረውስ? አባቴን በሁለት ጣቴ የያዝሁ ነው የመሰለኝ፤ ላቤ ላጲሱ ላይ ይንጠባጠባል፣ ያ ሽታ ጉሮሮዬ ድረስ ገብቷል። በዚህ መሃል አጎቴ ከመንገድ ላይ ደወለ፤ እየደረሱ ነው።

ሰሌዳው ተመልሶ ተሰካ። ቁልፉን ግን ማንም መጫን አልፈለገም። ወንድሜ እኔን ያያል፣ እኔ እሱን። በመጨረሻ እናቴ አማተበችና ዓይኗን ጨፍና ተጫነችው። አንዲት አጭር ጢ ተሰማች። ከዚያ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ተከፈተ።

ወንድሜ ወዲያው ፍላሹን ሰክቶ መገልበጥ ጀመረ። እኔ ካልሰማሁ አላምን ብዬ አንዱን ከፈትሁት። የአባቴ ድምፅ ቤቱን ሞላው። እናቴ እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ መሬቱ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ጨለመ። አባቴ አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ጉልበታቸውን ልንስም ብድግ ስንል በእጃቸው ተቀመጡ አሉን። በርጩማው ላይ አረፍ አሉና መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ እያነሡ እየጣሉ ከዜማው ጋር ሄዱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ምንም አይሰማም። እኔም ፍርሃቴ አልለቀቀኝም ነበር፤ ያን ካየሁ በኋላ ደግሜ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም።

ዜማው መሃል ላይ ተቋረጠ። አንድ ጠዋት ስንቀርጽ የሳሉት ሳል ተሰማ። ቀጥሎ ከኮምፒውተሩ ውስጥ "ልጄ፣ እስኪ ውኃ አቀብይኝ" አሉኝ።

ሳላስበው ተነሣሁ። ከጀሪካኑ ቀድቼ ተመለስሁና ኩባያውን እንደያዝሁ መሃል ቤት ቆምሁ። ለማን እንደምሰጥ ጠፋኝ። አባቴ እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ተቀበሉና፣ እየቆጠቆጣቸው፣ እስከ መጨረሻው ጠጡት።