ዓይን ያልተሳለለት ጭራቅ

አንዳርጋቸው ሲናደድ ግራ ጆሮው ይቀላል። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ ባለሱቅ የለም፤ የግማሹን ማስታወቂያ የጻፈው እሱ ነው፤ የቀረውን ደግሞ መንገድ ላይ ቆሞ የሚያብጠለጥለው እሱው ነው። «ይሄ ፊደል ነው ወይስ የተገለበጠ በርጩማ?» ይላል፣ ባለሱቁ እየሰማ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፤ ምላሱ ግን አላረጀም። ከራሱ ሱቅ በላይ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሥሎ፣ ከሥራቸው «ከአንዳርጋቸው ዓይን የሚያመልጥ የለም» ብሎ ጽፏል።

ከዳኞች አንዱ እንዲሆን የተጠራውም በዚሁ ስሙ ነው። ደሴ ያለ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱት ጨዋታ ሊያወጣ ተነስቷል፤ ዳይስ እየተጣለ ጭራቅና ዘንዶ ከፈረሰኛ ጋር የሚዋጉበት። ለዚህ አውራ ጣት የሚያካክሉ ምስሎች ቀርጾ ቀለም የሚቀባ ባለሙያ ያስፈልጋል። ሐይቅ ላይ ውድድር ተጠራ፤ ላሸነፈ ቋሚ ሥራ አለው።

ከአሥራ አንዱ ተወዳዳሪዎች አንዷ ሀውራ ነበረች፤ የአንዳርጋቸው የአጥር ጎረቤት፣ ሸክላ ሠሪ። ፕላስቲክ ጀሪካን አገሩን ከሞላው ወዲህ እንስራዋን የሚጠይቃት የለም። ይህ ሥራ ከቀረባት ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርቷን አውጥታ ከሣጥኗ አስቀምጣለች። አንዳርጋቸውም ይህን ያውቃል።

በውድድሩ ቀን አንዳርጋቸው የሰዓት ሠሪ ማጉያ መነጽር ዓይኑ ላይ ሰክቶ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። የአንዱ ዘንዶ ቀለሙ ከመወፈሩ የተነሳ ቅርፊቱ ሁሉ ተደፍኗል። «ይሄ ዘንዶ ነው ወይስ በገንፎ የተለቀለቀ እንሽላሊት?» አለ። የሌላው ፈረሰኛ የመታጠቂያው ቀይ ወደ ሸሚዙ ፈሷል፤ ቅርጽ ማውጫው ጎኑ ላይ ጥሎት ያለፈው መስመር እንኳ አልተፋቀም። ሀውራ ዘንድ ሲደርስ ግን ጭራቁን አነሳው። የልብሱ እጥፋት፣ የጭራቁ ጥፍር፣ ብሩሽ ያለፈበት የማይመስል ስስ ቀለም። ደስ ብሎት ፊቱን ሊያይ አዞረው። ዓይን የለውም። ፈረሰኛውም የለው፣ ዘንዶውም የለው።

ጆሮው ቀላ። ይህን የመሰለ እጅ ይዛ መጨረሻው ላይ መስነፍ! ደግሞም ለጎረቤቱ አዳላ እንዳይባል ፈራ። ለፊት አሠራር ከተመደበው ሃያ ነጥብ ዜሮ ሰጣት፤ ከጎኑም «ዓይን ለመሥራት ሰንፋለች» ብሎ በዚያ በሚያምር ጽሕፈቱ ጻፈ።

ውጤቱ ሲነበብ ከውጫሌ የመጣ አናጢ በአራት ነጥብ በለጣት። የዳኞቹ አስተያየትም በማይክሮፎን ተነበበ። ሀውራ አዳራሹን አቋርጣ አንዳርጋቸው ፊት ቆመች።

«ሰንፋለች ያልከው አንተ ነህ፣ አያ?»

«ዓይን የለውማ!»

«አባቴ እንስራ ላይ ወፍ ሲያወጣ እንኳ ዓይን አያደርግም ነበር። ሩህ፣ ነፍስ የሚሰጥ አላህ ነው፣ እኛ ዓይን አንጨርስም ይል ነበር። ሌላው እስላም ይሥል ይሆናል፤ የኛ ቤት እንዲህ ነው። አንተው ራስህ ለምንድነው ብለህ ጠይቀኸው ነግሮሃል፤ ወላሂ፣ ሻይ ይዤ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

ትዝ አለው። የሟቹ አባቷ ድምፅ ጭምር ትዝ አለው።

«ደግሞ ሳታየው ነው የፈረድክ። መነጽርህን ሰካና እየው» አለች፣ ጭራቁን እጁ ላይ እያኖረች።

መነጽሩን ሰካ። ከቅንድቡ ሥር ጥላሸትና ቡናማ ቀለም እያቀጠነች በሦስት ድርብ አኑራለች። ምስሉን ወደ ግራ ቢያዞረው ዓይን የሌለው ጭራቅ ከጥላው ውስጥ ያየዋል፤ ወደ ቀኝ ቢያዞረውም ያየዋል። እሱ ነጭ ነጥብ ሲፈልግ ይህን ሁሉ አልፎታል። በራሱ እንዲህ ተናዶ አያውቅም።

ምስሉን እንደያዘ የወርክሾፑ ኃላፊ ወደሆነችው ፋሲካ ሄደ። «ተሳስቻለሁ፤ የኔን ነጥብ ሰርዢልኝ» አላት። ፋሲካ ክፉ ሰው አይደለችም፤ መነጽሩን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየች።

«እውነትዎን ነው፣ ከሁሉም ትበልጣለች» አለች። «ግን አቶ አንዳርጋቸው፣ ዓይን ለመሥራት ሰንፋለች ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት፤ ሁሉም ሰምቷል። አሁን እንዲያው ብቀይረው አናጢው ምን ይለኛል? በዓይኑ ቦታ ሁለት ሁለት የቀለም ነጥብ ብቻ ይደረግበት። እሷ ካልፈለገች እርስዎ ያድርጉላት፤ እኔም ውጤቱን አሁኑኑ አስተካክላለሁ።» ቀጭን ብሩሽም ሰጠችው።

ብሩሹን ያዘ። ሁለት ነጥብ ለእሱ እጅ ምን አላት? ፓስፖርቱ ከሣጥን እንዳይወጣ የምታደርግ ሁለት ነጥብ። ወደ ሀውራ ዞረ። ራሷን ነቀነቀች፤ አንዴ ብቻ።

ብሩሹን ወለሉ ላይ ወረወረው። «ምንም አልጎደለውም! የጎደለው እኔ ነኝ፣ እናንተም ናችሁ!» ብሎ ጮኸ። ፋሲካ ብሩሹን ከወለሉ አነሳች፤ የመጀመሪያው ውጤትም እንዳለ ጸና።

ሀውራ ምስሎቿን አንድ በአንድ በሻሿ ጠቀለለች። ሊያግዛት እጁን ሲዘረጋ ወደ ራሷ ሰበሰበቻቸው።

«ተወው። ለፋሲካ የጮህከውን ጠዋት ለራስህ ብትጮኸው ኖሮ እዚህ ሁሉ አንደርስም ነበር» አለችው።

አንዳርጋቸው እጁን መለሰ። እንደሚገባት ቢሰጣት ኖሮ ማንም ስለ ዓይን ሳያነሳ ታሸንፍ ነበር፤ ይህን የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም።

በሁለተኛው ወር ሀውራ ዓረብ አገር ሄደች። የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ አንዳርጋቸው መሰላል አቁሞ ከሱቁ በላይ ያሉትን ሁለት ዓይኖች በጥቁር ቀለም ደፈናቸው። ጽሑፉን ግን አልነካውም። መንገደኛው አንብቦ ይስቃል፤ አንዳርጋቸውም በሩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ ሳቁን ይሰማል።