ዳንቴል የመሰለው አረም

ልብስ ሰፊው ሱቁን ለልጁ አስረክቦ ቤት ከዋለ ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ያለችው ጓሮ። ሰውዬው ሥራ መፍታት አያውቅበትም። ዝናብ አላስወጣ ያለው ቀን ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ይውልና የሚስቱን ድስት እየከደነ እየከፈተ «ጨው አንሶታል» ይላል። ሚስቱም ዝናቡን ትረግማለች።

ጓሮዋን ታዲያ ያበላሻት ራሱ ነው። አንዲት ደንበኛው ፈርን የሚባለውን ተክል በጣሳ አምጥታ ስትሰጠው የቅጠሉ ጠርዝ ዳንቴል መሰለውና ልቡ ጠፋ። ዕድሜውን ሁሉ ጨርቅ ሲያይ የኖረ ዐይን ምን ያድርግ! ጽጌረዳዎቹ መሃል ተከለው። «ለምድሪቱ ዘርፍ አወጣሁላት!» እያለ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ አሳየ።

ፈርኑም እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ጓሮውን ወሰደው። በዓመቱ ጽጌረዳው አንገቱ ብቻ ቀረ፤ ጎመኑማ የት እንደገባም አልታወቀ። ልብስ ሰፊው ተናደደና ዶማ አነሳ። ሥሩን እየቆፈረ አወጣና፣ በለመደ እጁ በመቀስ ከታትፎ «ይበስብስና ማዳበሪያ ይሁን» ብሎ እዚያው አፈር ላይ በተነው። ለካ ከመሬት በታች እንደ ገመድ የሚሳበው ሥር ቁራጩ ሁሉ ነፍስ አለው። ዝናብ ሲጥል፣ የበተነበት ሁሉ በቀለ።

ሚስቱ ትዕግሥቷ አለቀ። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር አልጋዬ ውስጥ ሳይገባ ግንበኛ እጠራለሁ። ዝናቡ ሲያባራ ሲሚንቶ አስለብሼው እገላገላለሁ።»

«ኧረ በእናትሽ ጊዜ ስጪኝ! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እኔ በከዘራ ልሄድ ነው።»

ሰውዬው ሳቀ፤ ግን ፈራ። የፈራው ለጽጌረዳው ብቻ አልነበረም። ሲሚንቶ ላይ ወንበር ዘርግቶ ሞቱን የሚጠብቅ ሽማግሌ እንዳይሆን ነው የፈራው።

ለታላቅ እህቱ ደወለ። የእሷንም ግቢ ይኸው ፈርን ወርሮት ነበር።

«አንተ ድሮም ችኩል ነህ» አለችው። «ሥሩን ተወው። ቡቃያው ጫፉን ጠቅልሎ ብቅ ሲል ቀንጥሰው። ደግሞ ይወጣል፤ ደግመህ ቀንጥስ። ቅጠሉ ፀሐይ ካልሞቀ ሥሩ ምን ይበላል? እየከሳ ይሄዳል።»

«አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» ሲባል ላደገ ሰው ይህ ነገር የተገለበጠ ትምህርት ነበር። ቢሆንም በየማለዳው እያፏጨ ይወጣና ጎንበስ ብሎ ይቀነጥስ ጀመር። ወገቡ ይጮኻል፤ ፈርኑ ግን እየሳሳ መጣ። የሚገርመው፣ በወጥ ቤቱ በር በኩል ያለው፣ እሱ ገና ያልደረሰበት፣ ከሁሉ ቀድሞ አለቀ። «ስሜን ሰምቶ ሸሽቷል» ብሎ ጎረረ።

ዝናቡ አባራ፤ ግንበኛውም ሜትሩን ይዞ መጣ። ልብስ ሰፊው በጓሮው በር ብቅ ቢል፣ ሚስቱ ሻይ ጥዳ፣ እስኪፈላ ጎንበስ ብላ ቡቃያ ትቀነጥሳለች። የሽርጧ ኪስ ሞልቷል። አረንጓዴው ጥፍሯ ሥር ገብቷል፤ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም።

«አንቺ! አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ታዲያ ስምህን ሰምቶ የሸሸ መሰለህ?»

«እትዬ፣ ከየት በኩል ልለካ?» አለ ግንበኛው።

«ይቅርታ አድርግልኝ የኔ ልጅ፣ በከንቱ አደከምኩህ። ሻይ ጠጥተህ ሂድ» አለችው። ከዚያ ወደ ባሏ ሳታይ፣ «ጓሮውስ ገደል ይግባ። ግን ጠዋት እያፏጨህ ስትወጣ እሰማሃለሁ። እሱ ከቀረ ቤቱ ጭር ይልብኛል» አለች።

ልብስ ሰፊው ለግንበኛው ወንበር ስቦ እዚያው ቆመ።

«ምን ይገትርሃል?» አለችው። «እዚያ ጋ አንዷ አምልጣኛለች፤ ወገቤ አልታጠፍ አለኝ።»

ቶሎ ብሎ ጎንበስ አለ። ዐይኑን ግንበኛው እንዲያይበት አልፈለገም።