አዋዜው ከአጋዘኑ ቀድሞ ደረሰ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ነው፤ የነቢያት ጾም ሊገባ ትንሽ ሲቀረው። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት አጋዘን ስለተመታ አይደለም። እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ውስጥ አጋዘን በቀስትም ይመታል፣ በመኪናም ይመታል፤ ብርቅ አይደለም። ያልረሳሁት በዚያ ቅዳሜ ያ ሁሉ ሰው ለምን እንደተሰበሰበና ለምን እንደተበተነ ነው።

የምንኖረው አናንዴል ነው። ባለቤቴ ሳምሶን ሄርንደን ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ዝንብ እንኳ ሲገድል አይቼው አላውቅም፤ መስኮት ከፍቶ ነው የሚሸኛት። ይህ ሰው አንድ ቀን ደጋን ገዝቶ መጣ።

ምክንያቱ ጎረቤታችን ዋልተር ነው። ዋልተር ሚስቱ የሞተችበት፣ ሰባ ዓመት ያለፈው አሜሪካዊ ነው። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው አንተ እያልነው ለመድን። ባክያርዱ፣ ጓሮው ማለቴ ነው፣ ከጫካው ጋር የተያያዘ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በቀስት ሲያድን ኖሯል። አሁን ጉልበቱ ዛፍ ላይ አላስወጣ ሲለው ለሳምሶን አስተማረው። ሳምሶንም ኮርሱን ወሰደ፣ የአደን ላይሰንሱን አወጣ፣ በጋውን ሁሉ በስፖንጅ በተሠራ አጋዘን ላይ ፕራክቲስ ሲያደርግ ከረመ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን የአጋዘን ብልት ማስተማሪያ ሆነ።

«ልቡና ሳንባው ከፊት እግሩ ትንሽ ወደ ኋላ ነው ያሉት» ይለኛል እራት ላይ። «ጎኑን እስኪሰጥህ ትጠብቃለህ። ፊት ለፊት ከቆመ አትተኩስም። ወርቹ ላይ ካረፈ አጥንቱ ቀስቱን ይይዘዋል። ወደ ኋላ ከሸሸ ደግሞ ጨጓራ ነው። ጨጓራው የተመታ ቶሎ አይሞትም፣ ይሰቃያል።»

«ሳምሶን፣ እየበላን እኮ ነው።»

ሥጋ ቤት ስንሄድ ከተሰቀለው በሬ ፊት ቆሞ በጣቱ ይለካል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ትኩር ብሎ አየና «ፊት ለፊት ነው የወጋው፤ አደገኛ ነው» ብሎ አንሾካሾከልኝ። ቆነጠጥኩት።

ይህን ትምህርት ያልተቀበሉት ጋሼ መኩሪያ ብቻ ናቸው። ጋሼ መኩሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ የእድራችን ሽማግሌ፣ የሟቹ አባቴ ጓደኛ ናቸው። እኔን ከኤርፖርት የተቀበሉኝ እሳቸው ስለሆኑ በቤታችን የማይናገሩበት ጉዳይ የለም። አያታቸው ስመ ጥር አዳኝ እንደነበሩ ከሳቸው ሰምተናል። ከሌላ ሰው አልሰማንም።

«አያቴ ዝሆን ሲጥሉ ሳንባው የት ነው፣ ጨጓራው የት ነው ብለው ጠይቀው ያውቃሉ?» ይሉታል። «ወንድ ልጅ በለው ሲባል ይላል! በቃ!»

«ጋሼ፣ ይሄ ቀስት ነው። ቦታውን ካልያዘ እንስሳው ሳይሞት ነው የሚሄደው።»

«ቦታውን ለሪል ስቴት ተወው!»

የአደኑ ቀን እንዳያመልጣቸው ዓርብ ማታ መጥተው እኛ ቤት አደሩ። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ሳምሶን በዋልተር ባክያርድ ጥግ ካለው ዛፍ ላይ ወጣ። ጋሼ፣ ዋልተርና እኔ ብርድ ልብስ ደርበን ከቤቱ ጀርባ ካለው በረንዳ ተቀመጥን። ዋልተር ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም እንድንል አሳየን።

ፀሐይ ስትወጣ መጣ። ቀንዱ የተንሰራፋ ወንድ አጋዘን። እግሩን አንሥቶ ሲያስቀምጥ ቅጠሉ እንኳ አይንኮሻኮሽም። ትንፋሹ በብርዱ ሲጨስ ይታየኛል። እንዲህ ዓይነት ፍጥረት ልንገድል ነው የመጣነው ብዬ ሆዴ ባባ።

ፊቱን ወደ ሳምሶን አድርጎ ቆመ። ሳምሶን አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ይጠብቃል?» አሉ ጋሼ በሹክሹክታ።

«ጎኑን እስኪሰጠው ነው» አልኳቸው።

አጋዘኑ ቀስ ብሎ ዞር አለ። ሳምሶን ደጋኑን ሳበ። ዋልተር መቀመጫው ጫፍ ላይ ሆኖ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ከዚህ በላይ የተመቸ አቋቋም አይገኝም ማለቱ መሆኑን እኔም በእራቱ ትምህርት ለይቻለሁ። ልክ በዚያች ቅጽበት ጋሼ መኩሪያ ብርድ ልብሱን ጥለው ብድግ አሉና «በለው!» ብለው ጮኹ።

አጋዘኑ ወደ ፊት ዘለለ። ቀስቱ ግን ከደጋኑ ወጥቶ ነበር። ዱብ የሚል የታፈነ ድምፅ ሰማሁ። አጋዘኑ እንደሌላው ጊዜ ፈርጥጦ አልሮጠም። ጀርባውን አጉብጦ፣ ቁርጠት እንደያዘው ሰው፣ ቀስ እያለ ጫካው ውስጥ ገባ።

ዋልተር ዓይኑን ጨፈነ።

«ዘራፍ!» አሉ ጋሼ። «ልቡን ነው! ልቡን አገኘው!»

ሳምሶን ከዛፉ ወርዶ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ዋልተር እያነከሰ ሄዶ ቀስቱን ከመሬት አነሣ፤ በአጋዘኑ ሆድ አልፎ ወጥቷል። አሸተተውና ለሳምሶን ሰጠው። ደም ብዙም የለበትም። የተለጠፈበት አረንጓዴ ፈርስ ነው።

«እስከ አመሻሹ ማንም አይከተለው» አለ ዋልተር። «ካባረርነው ርቆ ሄዶ የማናገኘው ቦታ ይሞታል። ከተውነው ቅርብ ይተኛል።»

ይህን ለጋሼ ስተረጉምላቸው ሳቁ። «የጣለውን ግዳይ ትቶ ቁጭ የሚል አዳኝ ዛሬ አየሁ!» አሉና ስልካቸውን አወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያመጣው ያ ስልክ ነው። ለእድሩ ሰው አንድ በአንድ ኮል አደረጉ። «ግዳይ ጥለናል! እኔና ሳምሶን! አዎ፣ ልቡን!» እያሉ ከዋልተር በረንዳ እስከ ጓዳዬ ተመላለሱ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መንገዳችን በመኪና ተሞላ። ከአሌክሳንድሪያ አዋዜ መጣ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሚጥሚጣ፣ ጠጅና የራሱን ቢላዋ በጨርቅ የጠቀለለ ሰውዬ መጣ። ሳምሶንን አስቁመው ደጋኑን አሲያዙትና ፎቶ አነሡት። ፎቶው ላይ ፈገግ ያላለ እሱ ብቻ ነው።

«ሥጋው የታለ?» ሲባሉ ጋሼ «እያረፈ ነው» ይላሉ።

ከዚያ ክፍፍሉ ተጀመረ። ሽንጡ ለሁለት ሰዎች ተመደበ። ጉበቱን ማን በጥሬው እንደሚበላ ክርክር ተነሣና ድምፅ ሊሰጥበት ደረሰ። ፍሪምባው ለጎድን ይለወጥ፣ አይለወጥ ተባለ። ያ ሁሉ ሲሆን የሽንጡና የጉበቱ ባለቤት ጫካው ውስጥ በሕይወት ይሆናል። ሳምሶን ጓዳ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስኮት መስኮቱን ያያል። ምግብ አቀረብኩለት፤ አልነካውም።

«ሁሉን ነገር አውቀው ነበር እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ። «የማላውቀው ነገር አልነበረም።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዋልተር በሩን አንኳኳ። እንግዶቹ ጫማቸው የጫካ አለመሆኑን ተመለከቱና እዚያው ቀሩ። የሄድነው ዋልተር፣ ሳምሶንና እኔ ነን። ዋልተር በዱላው ቅጠል እየገለጠ፣ ጠብታ ደም እያሳየን፣ ቀስ ብለን ወደ ጅረቱ ወረድን።

ውኃው ዳር እግሮቹን አጥፎ ተኝቷል። የተኛ እንጂ የሞተ አይመስልም። ሳምሶን ቆቡን አወለቀ፤ ተንበርክኮ እጁን አንገቱ ላይ አሳረፈ።

«ገና ትኩስ ነው» አለ።

እኔ ያን ያህል ሰዓት ስንጠጣና ስንስቅ የዋልነውን አሰብኩና ፊቴን አዞርኩ።

ጎትተን ዋልተር ባክያርድ ስናደርሰው ሰዉ በእልልታ ተቀበለን። ቢላዋው ከጨርቁ ወጣ። ይሄኔ አንድ ሰው ከኋላ «ለመሆኑ በስመ አብ ብሎ ያረደው ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

ቢላዋ የያዘው ሰውዬ እጁን ሰበሰበ።

«አንገቱ እኮ ቢላዋ አልነካውም» አለ ሌላው። «ሞቶ ነው የተገኘው። በክት ነው!»

«በክት ነው» ሲሉ ሁሉም ተቀበሉት። ከሁሉ የጮኸው ድምፅ የጋሼ መኩሪያ ነበር። «እኔማ ከጠዋቱ ተጠራጥሬ ነበር» አሉ።

አዋዜው ክዳኑ ተገጥሞ መኪና ውስጥ ተመለሰ። ጉበት በጥሬው ካልበላሁ ያለው ሰውዬ ቤቴ ገብቶ ሽሮ በላ። ዋልተር ምን እንደተፈጠረ ጠየቀኝና ነገርኩት። «ደግ ሕግ ነው» አለ ጥቂት አስቦ። «ግን ከመምታት በፊት ነበር ማስታወሱ።»

አጋዘኑን የገፈፉት እሱና ሳምሶን ናቸው። የተበላሸውን ለይተው ጣሉ፤ ደህናውን ሥጋ ለችግረኞች ከሚያከፋፍሉ ሰዎች ዘንድ በማግስቱ ወሰዱት። እንግዶቹ ተሰናብተው ሲሄዱ ሳምሶን እጁን እየታጠበ ነበር። ማን እንደተሰናበተው እንኳ አላየም።

ዘንድሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ክርስትና ተጠርተን ጋሼ መኩሪያ ያንን ታሪክ ለሰዉ ሲያወሩ ደረስን። አጋዘኑ አድጓል፤ በሬ አክሏል። ቀስቱ ልቡን ሰንጥቆ ወጥቷል። እሳቸውም ዛፍ ላይ ወጥተዋል።

ሳምሶን ሳህኑን አስቀመጠ። «አይደለም ጋሼ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው። «ጨጓራውን ነው የመታሁት። ቀኑን ሙሉ ሲሰቃይ ዋለ። እኛ ጠጅ እየጠጣን።»

ጉርሻ አፉ ያደረሰ ሰው እጁ እዚያው ቆመ። ጋሼ ሳምሶንን አዩት፣ ከዚያ እኛን አዩን፣ ከዚያ ፈገግ አሉ።

«አያችሁ?» አሉ። «ጀግና ትሑት ነው!»

ቤቱ አጨበጨበ። ባሌ አንገቱን ደፋ። እኔ በሱ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ ግን ያን ጭብጨባ ሳስታውሰው ዛሬም ያስጠላኛል።