ደብሬን ወደ ካቡ ጀርባ የወሰድኩበት ቀን

ንጋት፣ ላሊበላ

ጎሕ ሳይቀድ ከላሊበላ ወጣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሾፌራችን ሲሳይ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት አማተበ፤ እኔም አብሬው አማተብኩ። ሥራዬ በክልሉ እየዞርኩ ሰው ሲዘረፍ ወዴት እንደሚሄድ፣ ፖሊስን ምን ያህል እንደሚያምን መጠየቅ ነው። ደህንነት አጠናለሁ እያልኩ እንደ እኔ የሚፈራ ሰው ግን አላየሁም።

"ሳይመሽ ካልተመለስን መንገድ ላይ ማደራችን ነው" ይላል ሲሳይ።

"አታሟርት!"

ረፋድ፣ ኩልመስክ

ሁለት ኬላ አለፍን። በሁለተኛው ቦርሳዬን ዘረገፉት፤ እኔም የራሴን ካልሲ እንደ ወንጀለኛ አንገቴን ደፍቼ ለቀምኩ። ኩልመስክ ሻይ ቤት ገብተን ዳቦ ስንቆርስ አሳላፊዋ ወሬ ነገረችን፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ጥማድ በሬ ተሰርቆ ዛሬ አውጫጭኝ አለ። አውጫጭኝ ሌባው እስኪታወቅ አገሬው ተሰብስቦ የሚመረመርበት የቆየ ሥርዓት ነው። የሰው በሬ ጠፍቶ እኔ ደስ አለኝ፤ ሥራ እንዲህ ያደርጋል።

ቀትር፣ ወይራው ሥር

ወንዱም ሴቱም ለአውጫጭኙ ወጥቶ ከወይራው ጥላ ሥር ተቀምጧል። ጫፍ ላይ ያለችውን ደብሬ የምትባል ሴት ጠርቼ ከድንጋይ ካቡ ጀርባ ብቻዋን ጠየቅኋት። ምስጢሯን ልጠብቅላት ብዬ ነው። ስትመለስ ወሬው ሁሉ ጸጥ አለ። አጠገቧ የነበረችው ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ራቅ አለች።

ሽማግሌው አያ ካሳ ጠጋ አሉኝ።

"ልጄ፣ እዚህ ሌባውን ያየ ለሽማግሌ በምስጢር ይነግራል። ወፍ እንለዋለን። ማን እንደሆነ አይታወቅም። አሁን ግን ሰዉ ወፏ ደብሬ ናት ብሏል።"

"እኔ የጠየቅኋት እኮ ስለ ፖሊስ ነው! ልንገራቸው?"

"ማን ያምንሻል? አንቺ ማታ ላሊበላ ነሽ። የሷ ቤት እዚሁ ነው፤ ባል የላት፣ ወንድም የላት።"

የሌባው ወገን ማታ በሯን ቢያንኳኳ ማን ይደርስላታል? ይሄኔ ደብሬ ከተቀመጠችበት ጮክ ብላ ተጣራች።

"እታለም! እኔን ብቻ አድክመሽ ልትሄጂ ነው? ሁሉንም ጥሪ እንጂ!"

ከሰዓት በኋላ፣ እዚያው

ሁሉም ከተጠራ ወፉ አይለይምና አንድ በአንድ ጠራኋቸው። ሲሳይ ከሩቅ ፀሐይዋን በጣቱ ያሳየኛል። አንዱ ስለ ገብሱ አወራኝ፤ አንዷ ገና ስጀምር ተነሥታ ሄደች። መጨረሻ ላይ የመጣው ጎልማሳ ገና ሳይቀመጥ፣

"ደብሬ ምን አለችሽ?" አለኝ። ግንባሩ አልቦታል።

ፈራሁት። "አንተን የምጠይቅህን ነው የጠየቅኋት" አልኩት። ከዚያ ሌላው ቶሎ ያለፈውን ጥያቄ ሁሉ እየደጋገምኩ አቆየሁት። ሆን ብዬ ነው። በመጨረሻ ከካቡ ጀርባ ሲወጣ አንገት ሁሉ ወደሱ ዞረ። ደብሬን የሚያያት አልነበረም።

ሌባው እሱ ይሁን አይሁን አላውቅም። እንደ እኔው ፈሪ ብቻም ሊሆን ይችላል። ብቻ ወፍ የመባሉን ጭንቅ ከደብሬ አንሥቼ ሌላ ሰው ላይ መጫኔን አውቃለሁ።

ምሽት፣ ላሊበላ

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ የከተማዋ መብራት ታየን። ሲሳይ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ አማተበ።

"ተመስገን! በሰላም ገባን።"

"እኛማ ገባን" አልኩት።