ሁለት ጊዜ የተነበበችው መስመር

«እምዬ፣ ንገሪና! ለምን አይስተካከል አልሽ?» እያሉ ልጆቹ ሦስት ቀን ሙሉ ስለነዘነዙኝ ነው እንጂ፣ ይሄን ወሬ ለማንም አላወራውም ነበር።

የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሲ የሚሉትን የኮምፒውተር ቋንቋ ትማራለች። ፋይል የሚያነብ ፕሮግራም ጻፉ ተብለው፣ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ከታች የታክሲው ረዳት «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» ይላል። «ፋይሉ ውስጥ የማስገባው ጽሑፍ አጣሁ፤ እስቲ የሆነ ነገር በይኝ» አለችኝ። ከአፌ የወጣው የእናቴ ደብዳቤ ሆነ። በቃሌ ነው የማውቀው። እያንዳንዱን ሐሳብ ለብቻው መስመር አድርጋ ጻፈችው።

ፕሮግራሙ ፋይሉን ከፈተ፣ መስመር በመስመር አነበበ፣ ዘጋ። የመጨረሻዋን መስመር ግን ሁለት ጊዜ አወጣት።

«ኮምፒውተሩም እንደ እምዬ ወሬ መድገም ጀመረ!» ብሎ ወንድሟ ሳቀ።

እሷ ራሷን እያከከች፣ «ስህተቱ የኔ ነው» አለች። «ፋይሉ ማለቁን የሚያውቀው ካለቀ በኋላ አንዴ ጨምሮ ለማንበብ ሲሞክር ነው። የሚነበብ ሲያጣ እጁ ላይ የቀረችውን ደገማት። ቆይ ላስተካክለው።»

«አትነኪውም!» አልኳት። ጩኸቴ እኔንም አስደነገጠኝ።

ያ ደብዳቤ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር። ከጎጃም ያመጣው ነጋዴ ከቅቤው ጋር ስለጫነው ወረቀቱ ወዝቶ፣ ወደ ፀሐይ ሲይዙት ብርሃን ያሳልፋል። ያኔ ቀራንዮ ሰፈር አክስቴ ቤት ነበርኩ፤ አሥራ አምስት ቢሆነኝ ነው። አክስቴ ሚስቱ ለሞተችበት እህል ነጋዴ ልትድረኝ ቆርጣ፣ የእናቴን ፈቃድ አስጽፋ ጠይቃለች። ደብዳቤው መልሱ ነው። እኔም አክስቴም ፊደል ስላልቆጠርን ማመልከቻ ጻፊው ተጠርቶ መጣ።

ማንበብ የማይችል ሰው ነገሩን በጣቱ ነው የሚይዘው። አንድ ሐሳብ በተነበበ ቁጥር አንድ ጣት አጥፋለሁ። «ይድረስ ለምወድሽ ልጄ» ሲል ትንሿን ጣቴን፣ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ሲል ቀጣይዋን፣ እንዲህ እያልን ሰባተኛዋ ላይ ደረስን። «የአክስትሽን ቃል ስሚ፣ እኔ ፈቅጃለሁ» አለና ወረቀቱን አጠፈው።

«አለቀ እንዴ ጋሼ?»

«አለቀ! ምን እንዲጨመርልሽ ነው?»

አክስቴ እልል አለች። እኔ አላመንኩትም። የአክስቴን ጠላ እየጠጣ እኔን የሚጎዳውን አንብቦ የሚጠቅመኝን ቢዘልስ ማን ያውቅበታል?

እኛ ዘንድ ደብዳቤ በአንድ አንባቢ አይታመንም፤ ለሁለተኛ ሰው ያስነብቡታል። ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ወደ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ቤት ሄድኩ። ቤቱ የስፌት መኪና ዘይትና አዲስ አቡጀዲ ይሸታል። የልብስ ሰፊው ልጅ እኩያዬ ናት፣ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች። እጄን ይዛ ባሕር ዛፉ ሥር ወሰደችኝ።

«ልታገቢ ነው አሉ?»

«እናቴ ካለች ምን አደርጋለሁ። አንብቢልኝ እስቲ።»

አነበበች፤ እኔም ጣቴን አጠፍኩ። ሰባተኛዋ ላይ ያው ቃል መጣ። ከላያችን ቅጠሉ ይንሿሿል። ከዚያ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ፣ «ልብሽ እምቢ ካለ ግን እምቢ በይ፤ የእናትሽ በር አይዘጋም» አለች።

ስምንተኛዋን ጣቴን አጠፍኩ።

«ድገሚልኝ።»

ደገመችልኝ፤ ኮምፒውተሩም የደገማት ይህችኑ መስመር ነው።

በቀጥታ ሄጄ አክስቴ ፊት ቆምኩ። «አላገባም!»

«ምን አልሽ? እናትሽ ፈቅዳ?»

«እናቴ እምቢ በይ ብላኛለች። እርስዎ ያመጡት ሰውዬ ነው የዘለለው።»

«አምጪዋ፣ ይነበብ!»

«አንዴ ዘሎብኛል፤ ሁለተኛ እጁ አይገባም!» ብዬ ደብዳቤውን የሸጎጥኩበትን ደረቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ጆሮዬን ብትጎትት፣ ብታለቅስ፣ «የተረገምሽ» ብትለኝ ንቅንቅ አላልኩም። ከቤቷ አስወጣችኝ። ሳንሱሲ ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥሬ፣ ኋላም ወዶኝ የወደድኩትን አገባሁ። ማመልከቻ ጻፊውንማ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ባየሁት ቁጥር ፊቴን አዞርበት ነበር። እስኪሞት ድረስ ሰላምታ ነፈግኩት።

ለልጆቹ እስከዚህ ነው የነገርኳቸው። «ጀግና!» ብለው አጨበጨቡልኝ። የልጅ ልጄም፣ «ለመምህሩ ሌላ ጽፌ እሰጣለሁ፤ ይሄኛው ያንቺ ነው፣ ማንም አይነካውም» አለችኝ።

የቀረውን አልነገርኳቸውም። የመጀመሪያ ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ ከእሷ ደብተር ላይ ፊደል ለቀምኩ። ማንበብ እንደቻልኩ፣ መጀመሪያ ያወጣሁት ያንን ደብዳቤ ነው። ልብስ ሰፊውና ልጁ በዚያን ጊዜ ከሰፈሩ ለቀው፣ የት እንደገቡ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። በር ላይ ተቀምጬ ጣቴን እያጠፍኩ፣ ቀስ እያልኩ አነበብኩት። ሰባተኛዋ ላይ ወረቀቱ አለቀ። ገለበጥኩት፤ ምንም የለም። ወደ ፀሐይ ያዝኩት፤ የቅቤው ወዝ ብቻ ነው። ስምንተኛዋ ጣቴ እንደቆመች ቀረች።